«እረኛ ምን አለ?» ለማለት ስንት ይበቃል?

የድሮ ሹማምንት ሕዝቡ በሆዱ የያዘውን ማወቅ ሲያምራቸው «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ ከብቱን እየነዳ የሚያንጎራጉረው ትልልቆቹ ጓዳ ገብተው የሚያንሾካሹኩትን ነዋ! ዘዴው ርካሽ ነው፤ መጠይቅ የለው፣ አበል የለው። አንድ ጉድለት ግን አለበት። ጠያቂው ሹሙ ራሱ ነው። ሹሙ መስማት ያልፈለገ ቀን እረኛው ለከብቶቹ ብቻ ይዘፍናል።

ታዲያ ሹሙ ሳያዝ፣ ነጋዴውም ትርፍ ሳያይበት፣ ሰው ስለ አገሩ ምን እንደሚያስብ ማን ይጠይቅ? በሌላው ዓለም ለዚህ ከተገኙት መልሶች አንዱ ስሙ ሲጠራ እንኳን እንቅልፍ ያመጣል፤ አነስተኛ የምርምር ድጎማ፣ ምሁራኑ «ግራንት» የሚሉት። ታሪኩ ግን እንደ ስሙ አይደለም።

እስቲ ወደ ኦስትሪያ እንሂድ። ከቪየና ብዙም የማትርቅ ማሪየንታል የምትባል መንደር ነበረች። መንደርተኛው የሚኖረው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር ማለት ይቻላል። የዓለም ኢኮኖሚ ሲንኮታኮት ፋብሪካው ተዘጋ። 478 ቤተሰቦች የነበሯት መንደር ሥራ ፈታ ቀረች። እ.ኤ.አ. በ1931 መጨረሻ ፖል ላዛርስፌልድ፣ ማሪ ያሆዳና ሃንስ ዛይዝል የሚባሉ ወጣት ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ መንደሯ ገቡ። ያሆዳ ያኔ 24 ዓመቷ ነበር። ገንዘቡ ከየቦታው የተቃረመ ነው፤ ከአሜሪካው ሮክፌለር ፋውንዴሽንም፣ ከቪየና የሠራተኞች ምክር ቤትም።

ላዛርስፌልድ መጀመሪያ ያሰበው ሠራተኞች የእረፍት ጊዜያቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ ማጥናት ነበር። የሶሻል ዲሞክራቶቹ መሪ ኦቶ ባወር ግን ይህን ያህል ሥራ አጥ ባለበት አገር ስለ እረፍት ማጥናት ምን የሚሉት ቀልድ ነው ብሎ ወደ ሥራ አጦቹ መራው።

ወጣቶቹ ደብተር ይዘው ብቻ አልዞሩም። ልብስ አሰባስበው አከፋፈሉ፣ የልብስ ቅድ አስተማሩ፣ ሐኪም አመጡ። ሰው ሆዱን የሚሰጠው ለሚያምነው ነውና። ደግሞም መስኮት ሥር ተደብቀው፣ ሰዓት ይዘው፣ መንገደኛው በምን ፍጥነት እንደሚራመድ ለኩ። ወንዶቹ ቀስ ይላሉ፣ ይቆማሉ፣ ጥቂት ሄደው እንደገና ይቆማሉ። ሴቶቹ ግን የቤቱ ሥራ አልቀረላቸውምና ይፈጥናሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ክፍያውን ቢያነሳም የሚዋሰው ሰው መጽሐፍ ማንሳት ቀነሰ። ጊዜ ተረፈ፣ ንባብ ጠፋ።

ብዙ የዘመኑ ፖለቲከኛ ሥራ አጡ አብዮት ያነሳል ብሎ ይጠብቅ ነበር። ጥናቱ ያገኘው ሌላ ነው። መንደሩ አልተቆጣም፤ ዛለ። ከጋዜጣውም ከፓርቲውም ራቀ። መጽሐፉ የታተመው ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ነው። ጸሐፊዎቹ አይሁዳውያን ነበሩና ስማቸው በርዕስ ገጹ ላይ አልወጣም። ያሆዳ በ1936 ታሰረች፤ በዓመቱ ተፈትታ ወደ እንግሊዝ ተሰደደች።

ላዛርስፌልድ ደግሞ በ1933 በሮክፌለር ድጎማ አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1940ው የፕሬዚዳንት ምርጫ እሱና ባልደረቦቹ ኦሃዮ ውስጥ፣ ኤሪ ካውንቲ በሚባል ቦታ፣ 600 ሰዎችን ከሜይ እስከ ኖቬምበር እየተመላለሱ ጠየቁ። ሬዲዮና ጋዜጣ መራጩን እንደ ልባቸው ይነዱታል በሚባልበት ዘመን፣ ሰው ይበልጥ የሚሰማው ጎረቤቱንና የሥራ ባልደረባውን ሆኖ ተገኘ። ዛሬም የጋዜጠኝነት ተማሪ ይህን ሳያጠና አይመረቅም።

ወደ እኛ እንመለስ። ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤታችን በሬውን፣ ፍየሉን፣ ዶሮውን፣ የንብ ቀፎውን ሳይቀር ሲቆጥር ኖሯል። የእረኛው ከብት ይቆጠራል። እረኛው ምን እንዳለ መመዝገብ ግን ሥራው አይደለም። በግንቦት 1997 ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ፣ ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ሲወስድ፣ የከተማው ልብ የታወቀው ኮሮጆ ሲከፈት ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ።

ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 የተመሠረተው ኦስሪያ፣ የምሥራቅና የደቡባዊ አፍሪካ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ድርጅት፣ መቀመጫውን እዚሁ አዲስ አበባ አድርጎ ለወጣት ተመራማሪዎች በውድድር አነስተኛ ድጎማ ሲሰጥ ቆይቷል። ገንዘቡ ግን በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ደግሞ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ የሲቪክ ማኅበራት በዲሞክራሲና በሰብአዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። የአገር ውስጥ ኪስ ባዶ ሆኖ የውጭውን መዝጋት፣ ጥያቄውን ራሱን መዝጋት ነው። አዋጁ የተተካው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው።

በዚያ መሃል፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ አፍሮባሮሜትር መጣ። ይህ የአፍሪካውያንን አስተያየት የሚያጠና ተቋም በ1999 ሥራ ሲጀምር በመጀመሪያው ዙር 12 አገሮችን ነበር የዳሰሰው። ኢትዮጵያ ሲደርስ ያገኘው ውጤት ግራ የሚያጋባ ሆነ። ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን በያዙበት አገር፣ ሰዉ ለዲሞክራሲው የሰጠው ነጥብ ከሌሎቹ አገሮች እጅግ ከፍ ያለ ነበር! ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ በ2016 ባወጡት ጽሑፍ፣ ይህ ፍርሃት ነው፣ አለማወቅ ነው ወይስ የራሳችን የሆነ የዲሞክራሲ አረዳድ? ሲሉ ጠየቁ።

መጠይቁ ማብቂያው ላይ አንድ ግሩም ጥያቄ አለው፤ «ማን የላከን ይመስልዎታል?» ይላል። ብዙ ኢትዮጵያዊ መንግሥት ልኳቸው ነው ብሎ አስቦ ነበር። እንዲህ ካሰቡ፣ ለሹም ሆድን መግለጥ ምን ይሉታል? «ሆድ ይፍጀው» የምንለው ለዚህ ጊዜ አይደል?

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የላኪው ማንነት መልሱ ውስጥ ይገባል። መንግሥት ብቻ ከላከ ውዳሴ ይሰበሰባል። ፈረንጅ ብቻ ከላከ ደግሞ ጥያቄው በፈረንጅ በጀት ይኖራል፣ በፈረንጅ በጀት ይሞታል። ከአፍሮባሮሜትር ዋነኛ ደጋፊዎች አንዱ የነበረው ዩኤስኤአይዲ እ.ኤ.አ. በ2025 ሲዘጋ ይህን አይተናል።

መፍትሔው ግዙፍ በጀት አይመስለኝም። ማሪየንታልን ያስጠናው ከየቦታው የተቃረመ ትንሽ ገንዘብ ነው። እቁብ የሚጥል፣ ለእድር የሚያዋጣ ሕዝብ፣ ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ውጭ ያለው ወገን በየዓመቱ ጥቂት ወጣት ተመራማሪዎችን መላክ ያቅታቸዋል? ኪሱ ሲበዛ አንዱ ሲጨክን ሌላው ይደርሳል፤ ማንም ጌታ ነኝ አይልም። ያኔ በር ያንኳኳው ልጅ «ማን ላከህ?» ሲባል «እናንተው» የሚል መልስ ይኖረዋል።