የፓተንት ፍለጋ መሣሪያዎችና የአሠራር ቅደም ተከተል

የፓተንት ፍለጋ አንድ ፈጠራ አዲስ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ቀደም ሲል ለሕዝብ የተገለጸን ዕውቀት የመመርመር ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቶች ለምርምር በጀት ከመመደባቸው፣ ቴክኖሎጂ ከመግዛታቸው ወይም ማመልከቻ ከማቅረባቸው አስቀድሞ ሊያከናውኑት ይገባል።

የሥራውን አስፈላጊነት በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የተሰጠው ፓተንት ያስረዳል። የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ፓተንቱን ለአንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ ሰጥቷል። በሄግ የሚገኘው ፍርድ ቤት በ2018 ፓተንቱ በቂ የፈጠራ ይዘት የለውም በማለት በኔዘርላንድስ ውድቅ እስካደረገው ድረስ 11 ዓመታት አልፈዋል።

ለፍለጋው ያለ ክፍያ የሚያገለግሉ ዋና ዋና የመረጃ ቋቶች የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት “ፓተንትስኮፕ”፣ የአውሮፓ ፓተንት ጽሕፈት ቤት “ኢስፓስኔት” እና “ጉግል ፓተንትስ” ናቸው።

ፍለጋው የሚከተለውን ቅደም ተከተል ይይዛል፦

1. የፈጠራውን ቴክኒካዊ ባሕርያት ዘርዝሮ ተመሳሳይ ቃላትን መሰብሰብ። ለምሳሌ ጤፍ በላቲን ፊደል በአንድም በሁለትም “ኤፍ” ስለሚጻፍ ሁለቱንም አጻጻፎችና “ኤራግሮስቲስ ጤፍ” የሚለውን ሳይንሳዊ ስም መጠቀም ያስፈልጋል።

2. በዓለም አቀፉ የፓተንት አመዳደብ መፈለግ። አመዳደቡ ከ“ኤ” እስከ “ኤች” 8 ክፍሎች ሲኖሩት፣ የዱቄትና የሊጥ ዝግጅት በ“ኤ21ዲ” ሥር ይገኛል። ምድቡ ቃላት የሳቱትን ሰነድ ያስገኛል።

3. በተገኙት ሰነዶች የተጠቀሱ ቀደምት ሰነዶችን፣ የፈጠራ ሠራተኞችንና የባለመብቶችን ስም መከታተል።

4. የምርምር መጽሔቶችን፣ የዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችንና የጉባኤ ሰነዶችን መመልከት።

5. ፓተንቱ በየትኞቹ አገሮች እንደተመዘገበና አሁንም የጸና መሆኑን ማረጋገጥ።

የመጨረሻው ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል። ፓተንት የሚጸናው በተመዘገበበት አገር ብቻ በመሆኑ፣ በኢትዮጵያ ያልተመዘገበ ወይም የጥበቃ ዘመኑ ያበቃ ቴክኖሎጂ በአገር ውስጥ ያለ ፈቃድ ክፍያ ሊሠራበት ይችላል። ሆኖም ምርቱ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የተቀባዩን አገር ሁኔታ ለይቶ ማወቅ ግድ ይላል።

ማመልከቻዎች በአብዛኛው የሚታተሙት ከቀረቡ ከ18 ወራት በኋላ በመሆኑ የቅርብ ጊዜዎቹ በፍለጋው ላይታዩ ይችላሉ። ስለሆነም ፍለጋው በየጊዜው ሊደገም፣ ቀኑ፣ የተጠቀሙባቸው ቃላትና ምድቦችም በጽሑፍ ሊያዙ ይገባል። በመረጃ ቋት ያልሰፈረ ነባር ዕውቀት በፍለጋ አይገኝምና፣ ዕውቀቱን መዝግቦ ማሳተም ራሱ አንዱ የመከላከያ መንገድ ነው።