ሻንጣ ውስጥ የቀረ የመመረቂያ ጽሑፍ

በምኖርበት በካልጋሪው ፋልከንሪጅ ሠፈር፣ አገር ቤት በማስተርስ ተመርቀው ዛሬ በመጋዘን የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ሻንጣ ውስጥ ቀርቷል። ይህን የምጽፈው ያንን ሥራ ለሳይንስ መጽሔት ማዘጋጀት ለምትፈልጉ ነው።

በብዛት የምጠየቀው፣ «አሁን የየትኛውም ተቋም ባልደረባ አይደለሁም፤ ማን ይቀበለኛል?» የሚል ነው። በደራሲው ስም ሥር የሚጻፈው ጥናቱ የተካሄደበት ተቋም ነው፤ የአሁኑ አድራሻ በግርጌ ይጠቀሳል። ስለዚህ በቅድሚያ ለአማካሪዎ ይጻፉ። ደራሲ የሚባለው በጥናቱ የተሳተፈ፣ ጽሑፉን የጻፈ ወይም በቁም ነገር ያረመ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀና ለይዘቱ ኃላፊነት የሚወስድ ነው። ለአክብሮት ተብሎ ስም አይጨመርም። ጥናቱ በሰዎች ላይ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴው የፈቃድ ቁጥር ይጠየቃል፤ ከዚህ ሆኖ ማስፈለጉ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ቀደም ብለው ይጀምሩ።

የስማችን ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የፈረንጅ መጽሔት የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም። የአባታችንን ስም ስንሞላ በአባታችን እንጠቀሳለን። እንዶድ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ የደረሱበት ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ የሚጠቀሱት «ለማ» ተብለው ነው። እኛ ግን የምናውቃቸው በአክሊሉ ነው። የኢትዮጵያን ደራሲ በራሱ ስም አስቀድመው የሚጠቅሱ የአገር ቤት መጽሔቶች አሉ፤ እኔም ትክክሉ ይኸው ነው እላለሁ። የውጭውን ከመረጡ አንዱን የስም አጻጻፍ ይያዙና አይለውጡት። አንዱ ጽሑፍ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ከገባ ሥራዎ የሁለት ሰው ይመስላል። ከ2012 ጀምሮ በነጻ የሚሰጠው ኦርኪድ የተባለው ባለ 16 አኃዝ መለያ ለዚህ መፍትሔ ነው።

መቶ ገጽ ቆራርጦ መላክ አይሠራም። አንድ ጥያቄ ይምረጡ። እኔ ሰንጠረዦቹን አስቀድሜ፣ መግቢያውን መጨረሻ ነው የምጽፈው። የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ የሚባለው ያ ረጅም ምዕራፍ በጥቂት አንቀጽ ያልቃል፤ ሲያሳዝን! መረጃው የተሰበሰበበትን ዓመት በግልጽ ያስፍሩ፤ የቆየ መረጃን መደበቅ ከማርጀቱ የከፋ ነው።

የት ይላክ? ለሕክምና ከ1962 ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት፣ ለተፈጥሮ ሳይንስ ከ1978 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሲኔት፣ ለኬሚስትሪ የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ቡለቲን አሉ። ብዙ የውጭ አሳታሚዎች ኢትዮጵያ ላሉ ደራስያን የኅትመት ክፍያ ይቀንሳሉ ወይም ይምራሉ፤ ካናዳ ያለ ደራሲ ግን ላያገኝ ይችላል። ከመላክዎ በፊት ደንባቸውን ያንብቡ። «በሳምንት እናትምልዎታለን» የሚል ኢሜይል ከመጣ ገንዘብዎን ፈልገው ነው። ለሁለት መጽሔት በአንድ ጊዜ መላክም ክልክል ነው።

ገምጋሚዎች «እንደገና ይታይ» ካሉ ጽሑፉ አልወደቀም። እያንዳንዱን አስተያየት ገልብጠው፣ ከሥሩ ምን እንዳሻሻሉና በየትኛው ገጽ እንደሆነ ይጻፉ፤ ካልተስማሙም ምክንያትዎን በትሕትና ያስረዱ። የተሰጠው ቀን ለሌሊት ፈረቃ የሚያጥር ከሆነ አርታኢውን ጊዜ እንዲጨምር ይጠይቁት፤ አብዛኞቹ ይፈቅዳሉ።