ጨውን በውኃ ውስጥ የሚለያየው ምንድን ነው? የአንድ ሳይንሳዊ ክርክር ታሪክ



ንጹሕ ውኃ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈው እጅግ በጥቂቱ ነው፤ ደረቅ የገበታ ጨውም አያስተላልፍም። ጨው የሟሟበት ውኃ ግን በሚገባ ያስተላልፋል። የዛሬው ንግግሬ ይህ እንቆቅልሽ እንዴት እንደተፈታ የሚያወሳ ነው፤ ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1834 ማይክል ፋራዴይ በፈሳሹ ውስጥ የሚጓዙትን ቅንጣቶች ከግሪክኛ በተወሰደ ቃል «አዮን» አላቸው፤ ትርጓሜውም «ተጓዥ» ማለት ነው። እርሱ እንዳሰበው አዮኖቹን የሚለያያቸው ኤሌክትሪኩ ራሱ ነበር። ስዊድናዊው ስቫንተ አሬኒየስ በ1884 ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ሌላ መንገድ ጀመረ፤ ፈታኞቹም ዝቅተኛ ማዕረግ ሰጡት። በ1887 ሐሳቡን አሟልቶ ሲያወጣ፣ ጨው ኤሌክትሪክ ሳይነካው ገና ሲሟሟ ወደ አዮኖች እንደሚለያይ አስረዳ።

ብዙ ኬሚስቶች ግን አልተቀበሉትም። ተቃራኒ ሙል ያላቸው አዮኖች እርስ በርሳቸው በብርቱ ይሳሳባሉ፤ ታዲያ ምን ኃይል ለያያቸው? አሬኒየስ ለዚህ በቂ መልስ አልነበረውም።

መልሱ የተገኘው እንደ ባዶ መድረክ ይታይ ከነበረው ከውኃው ነው። በ1893 ቫልተር ኔርንስትና ጄ. ጄ. ቶምሰን፣ በየፊናቸው፣ ውኃ በሙሎች መካከል ያለውን መሳሳብ እንደሚያዳክም አመለከቱ። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሳሳቡ ወደ 78 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። ምክንያቱ ግልጽ የሆነው ፒተር ደባይ ከ1912 ጀምሮ ስለ ባለ ሁለት ዋልታ ሞለኪዩሎች ባዳበረው ትምህርት ነው፤ የውኃ ሞለኪዩል በኦክስጅን በኩል አሉታዊ፣ በሃይድሮጅን በኩል አዎንታዊ በመሆኑ በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ አቅጣጫውን ያስተካክላል።

በ1923 ደባይና ኤሪክ ሂውክል እያንዳንዱ አዮን በተቃራኒ አዮኖች ደመና እንደሚከበብ በቀመር አሳዩ። ውኃውን ግን በአንድ ቁጥር ብቻ ወከሉት። በ1948 ሄስቲድ፣ ሪትሰንና ኮሊ በማይክሮዌቭ ለክተው፣ ጨው ሲጨመር ይኸው ቁጥር እንደሚቀንስ አረጋገጡ፤ በአዮን ዙሪያ የተያዙ የውኃ ሞለኪዩሎች ለውጭው መስክ እንደ ልባቸው አይዞሩምና። ስለዚህ ውኃ አዮኖቹን እንደሚለያይ ሁሉ፣ አዮኖቹም ውኃውን ይለውጣሉ።

የተቃዋሚዎቹ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ ድምዳሜያቸው ግን አልነበረም። አሬኒየስ በ1903 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል እንኳ ጥያቄው ተሟልቶ አልተመለሰም ነበር። የተማሪን ጽሑፍ የምንመዝን ሁሉ፣ ያልተሟላን ሐሳብ ከተሳሳተ ሐሳብ መለየት የእኛ ኃላፊነት ነው።