ታንኳ

ታንኳ በመቅዘፊያ ወይም በረጅም እንጨት የሚነዳ ትንሽ የውኃ ማጓጓዣ ነው። በጣና ዳር ቃሉ ከሁሉ በፊት ከደንገል የሚታሰረውን ያመለክታል። የደንገል ውስጡ አየር የያዘ ለስላሳ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ግን ቀስ በቀስ ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ የታንኳ ዕድሜ በየብስ አያያዙም ይወሰናል። ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ከውኃ ያወጣዋል፤ እንዲንጠፈጠፍና ነፋስ እንዲያገኘው ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። እርጥብ መሬት ላይ ተጋድሞ የከረመ ታንኳ ይበሰብሳል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. ከጣና በተወሰደ ደንገል ያሠራው «ራ» የተባለ ጀልባ አትላንቲክን ሊያቋርጥ ጥቂት ሲቀረው የኋላ ክፍሉ ውኃ ጠግቦ ዘቅጧል።

ኪል ያለው ባለሸራ ጀልባ በየብስ አቀማመጡ ከታንኳ ይለያል። ኪል ከጀልባው ሆድ ሥር የሚወርድ ከባድ ክንፍ ነው። ጀልባው በየብስ ሲቀመጥ ክብደቱ በሙሉ በኪሉ ላይ ማረፍ አለበት፤ የጎን ድጋፎች እንዳይወድቅ ብቻ ይይዙታል። ድጋፎቹ ክብደቱን ከተሸከሙ ገላውን ወደ ውስጥ ይደፈጥጡታል። ስለዚህ ሰፊ መሆንና ከውስጥ ባሉት ማጠናከሪያዎች ትይዩ መቆም ይገባቸዋል።

የጀልባ አያያዝ ከጣና ውጭም ያስፈልጋል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ሰፊ ሐይቅ ስለፈጠረ፣ ጀልባ በዋግ ኽምራ ቆላ የዓሣ አስጋሪ መሣሪያ ሆኗል። ለእነዚህም ጀልባዎች ከመሬት ከፍ ያለ፣ ደረቅና የማይንጋደድ ማረፊያ ሊዘጋጅላቸው ይገባል።