«ጽሂ»

ከቀድሞ ተማሪዎቼ መካከል ማዘጋጃ ቤት የምትሠሩ ብዙ ናችሁ፤ መዝገብ ቤት፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሴክሬታሪ፣ የዕለት ገንዘብ ሰብሳቢ። ስለ ደመወዝ ስናወራ የምታነሡት የብሩን ማነስ ነው። ያንሳል፣ እውነት ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ከብሩ በፊት ስላለው ነገር ነው፦ የጸሐፊን ሥራ ታች ያስቀመጠው ማነው?

በእኛ አገር እኮ ጸሐፊ ታች አልነበረም። ጸሐፌ ትእዛዝ ማለት የንጉሡን ማኅተም የያዘ ሰው ነው። እዚሁ ጣና ዙሪያና ጎንደር ደግሞ መሬት ሲሸጥ፣ ሲሰጥ፣ ሲወረስ ውሉ የሚሰፍረው የምስክሮቹ ስም ተዘርዝሮ በደብሩ መጽሐፍ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ነበር። የታሪክ ሰዎች የዘመኑን የመሬት ነገር ያወቁት ከነዚያ ጽሑፎች ነው። ዛሬ ከዓባይ ማዶ ድልድዩን ተሻግራችሁ ስለ ካርታችሁ ስትጠይቁ ፋይሉን ፈልጋ የምታወጣው ልጅ ያንኑ ሥራ ነው የምትሠራው።

ዘመናዊው ምደባ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። በ1954 ዓ.ም የመንግሥት ሠራተኞችን የሚያስተዳድር ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፣ በ1955 ደንብ ቁጥር 1 ወጣ፣ በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት ደግሞ የሥራ ምደባና የደመወዝ ስኬል ተከተለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ደመወዝ የሚቆረጠው ለሰውየው ሳይሆን ለመደቡ ነው ተባለ። ደጅ ለሚጠና አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ሳጥኖቹ ናቸው። ጎልማሶቹ የክፍት ቦታ ማስታወቂያ ላይ ታስታውሷቸዋላችሁ፦ ፕሳ፣ ፕሮፌሽናልና ሳይንስ፤ መፕ፣ መለስተኛ ፕሮፌሽናል፤ ጽሂ፣ ጽሕፈትና ሂሳብ፤ እጥ፣ እጅ ጥበብ፤ ጥጉ፣ ጥበቃና ጉልበት። ጽሂ የገባ ሰው እርከን በእርከን ይወጣና ጣሪያው ላይ ይቆማል። ከዚያ ማለፍ ሲፈልግ የማታ ተምሮ ወደ መፕ ወይም ወደ ፕሳ መዝለል አለበት። ይኸውም መዝገቡን ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው መዝገቡን ጥሎ ሲሄድ ብቻ ነው ደመወዙ የሚያድገው ማለት ነው። ይህን ማን እንዳሰበው እንጃ!

ደግሞ መደራደሪያ የለም። ከጣልያን የጦር ካሳ በተገኘ ገንዘብ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ በ1956ቱ አዋጅ ቁጥር 210 መሠረት ማኅበር አቋቁሞ ከአሠሪው ጋር መደራደር ይችል ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ግን ከአዋጁ ውጭ ነበር። ዛሬም በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይመለከተውም።

በደርግ ጊዜ ዝቅተኛው የመንግሥት ደመወዝ 50 ብር ሆነ፣ ስኬሉም ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ቆየ። በክልላችን የከተሞች አዋጅ ቁጥር 91/1996 ሲወጣ የከተማው ሥራ «መንግሥታዊ» እና «ማዘጋጃ ቤታዊ» ተብሎ ተለየ፤ ማዘጋጃ ቤታዊው የሚተዳደረው ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ገቢ ነው። ስለዚህ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት ጸሐፊዎች ደመወዛቸው ከሁለት ቋት ሊወጣ ይችላል።

ከ2011 ወዲህ ጄኢጂ የምትሉት መጣ። ፊደሎቹ ቀሩና ሁሉም ሥራ በነጥብ ተመዝኖ በ22 ደረጃዎች ላይ ተሰለፈ። ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ዝቅተኛው 1,100፣ ከፍተኛው 20,468 ብር ነበር፤ ላይኛው የታችኛውን ከ18 እጥፍ በላይ ነው። በጥቅምት 2017 ዝቅተኛው 4,760፣ ከፍተኛው 21,492 ሲሆን ልዩነቱ ወደ 4 እጥፍ ተኩል ወረደ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ 6,000 እና 39,000 ሲባል እንደገና ወደ 6 እጥፍ ተኩል ወጣ። የታችኛው ሰው በሁለቱም ጊዜ ተጨምሮለታል፤ ገበያው የወሰደበትን ግን እናንተ ታውቁታላችሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ነጥቡ ነው። ነጥብ የሚሰጠው ሥራው ሲሠራ ታይቶ አይደለም፣ ወረቀት ላይ ለተጻፈው የሥራ ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ «ፋይል ያስቀምጣል፣ ሲጠየቅ ያወጣል» የሚል ከሆነ ነጥቡም እንደዚያው ነው። አንድ ፋይል ቢጠፋ አንድ ቤተሰብ ይዞታውን ማስረዳት እንደማይችል፣ ባለጉዳይ ሲቆጣ ፊት ለፊት የሚቀበለው ማን እንደሆነ እዚያ ካልተጻፈ አይመዘንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሴቶች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት አላቸው ይላል፤ የትኛው ሥራ ከየትኛው ጋር እንደሚመሳሰል የሚወስነው ግን ያ ዝርዝር ነው። ሴክሬታሪዎቻችን ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

እስቲ የመደባችሁ የሥራ ዝርዝር እጃችሁ ላይ ካለ አውጥታችሁ አንብቡት፤ በየቀኑ ከምትሠሩት ያልተጻፈውን ጻፉልኝ።