ኑዛዜና ለበጎ አድራጎት የሚተው ሀብት

ኑዛዜ አንድ ሰው ከሞተ በኋላ ንብረቱ ለማን እንደሚደርስ በሕይወት ሳለ የሚወስንበት ሕጋዊ ቃል ነው። በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 826 ጀምሮ ስለ ውርስ ይደነግጋል። ተናዛዡ ንብረቱን ለልጆቹና ለዘመዶቹ ብቻ የመተው ግዴታ የለበትም፤ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለአረጋውያን መርጃ፣ ለሕፃናት ማሳደጊያ ወይም ለትምህርት ቤት መስጠት ይችላል። ልግስናው ከልብ መሆኑ ግን ብቻውን አያጸናውም። እንዲህ ያለ ስጦታ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ በሐሳቡ ክፋት ሳይሆን በወረቀቱ ጉድለት ነው።

ልማዱ ከዘመናዊው ሕግ በፊትም ነበረ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፃዊው ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ተጠናቅሮ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ኑዛዜም ስለ ውርስም የሚናገር ክፍል አለው። በአማኙ ዘንድ ሕመም የጠናበት ሰው የነፍስ አባቱንና ሽማግሌዎችን አስጠርቶ ያለበትን ዕዳ ይናገራል፤ ለደብሩ የሚሰጠውንና ለተዝካሩ የሚወጣውን ይመድባል። ነገሥታቱና መኳንንቱ በበኩላቸው ለአድባራት ጉልት መሬት እየሰጡ ስጦታውን በወንጌል ኅዳግ ያስመዘግቡ ነበር። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሰጡት ከታወቁት አንዱ ነው። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጆች መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ሲያደርጉ ይህ ዓይነቱ ስጦታ አበቃ። ዛሬ በከተማ የሚወረሰው ቤቱና በቦታው ላይ ያለው መብት ነው። የገጠር መሬት ይዞታ ለማን በውርስ እንደሚተላለፍ የሚወስኑት ደግሞ የፌዴራልና የክልል የመሬት አስተዳደር ሕጎች ናቸው፤ ማሳውን ለድርጅት ለመተው ያሰበ ሰው አስቀድሞ የክልሉን ሕግ መጠየቅ አለበት።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። የመጀመሪያው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው። ይህን ተናዛዡ ራሱ ሊጽፈው ወይም እየተናገረ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል። ዋናው ነገር ኑዛዜው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበቡ፣ መነበቡም በጽሑፉ ውስጥ ከነቀኑ መገለጹ፣ ወዲያውም ሁሉም መፈረማቸው ወይም የጣት አሻራ ማኖራቸው ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ምስክሮቹ ለአካለ መጠን የደረሱና ኑዛዜው የተጻፈበትን ቋንቋ የሚያውቁ መሆን አለባቸው። «ተነበበ» የምትለው አንዲት ቃል ከወረቀቱ በመጉደሏ ብቻ ቤትና ንብረት ወደ ሌላ እጅ ይሄዳል። ሕጉ ጨካኝ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ ተናዛዡ ተነሥቶ «እንዲህ አላልሁም» ማለት አይችልምና።

ሁለተኛው ተናዛዡ ራሱ በእጁ የሚጽፈው ነው። ምስክር አያስፈልገውም፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገርና እያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት። ሦስተኛው ሞቱ መቅረቡን የተረዳ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው የቃል ኑዛዜ ነው። በዚህ መንገድ የሚተላለፈው እያንዳንዱ ስጦታ ከ500 ብር ሊበልጥ አይችልም። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን የቃል ኑዛዜ ለቀብር ትእዛዝና ለልጆች ሞግዚትነት ካልሆነ በቀር ለበጎ አድራጎት የሚረባ አይደለም። ሰውየው ድኖ ሦስት ወር ከኖረም ቀሪ ይሆናል።

ኑዛዜ የግል ሥራ ነው። በውክልና አይደረግም። ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት አብረው ቢናዘዙ ፈራሽ ነው፤ ተስማምተው ቤታቸውን ለአንድ ድርጅት ለመተው የወሰኑ ጥንዶች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መጻፍ አለባቸው። አንዱ ሊናዘዝ የሚችለውም በግል ንብረቱና ከጋራው ሀብት በድርሻው ብቻ ነው።

ለድርጅት የሚተወው ስጦታ ሁለት መልክ አለው። ተናዛዡ ሀብቱን በሙሉ ወይም የሀብቱን አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ ሲሶውን ሲሰጥ ጠቅላላ የኑዛዜ ስጦታ ይባላል። አንድን ቤት፣ መኪና ወይም የተወሰነ ገንዘብ ሲሰጥ ልዩ የኑዛዜ ስጦታ ነው። ልዩነቱ ክፍያ ላይ ይታያል። ውርስ አጣሪው ከውርሱ ሀብት በቅድሚያ የቀብር ወጪን፣ ቀጥሎ የማጣራቱን ወጪ፣ ከዚያ ዕዳን፣ ከዚያም የቀለብ መብት ላላቸው የሚከፈለውን ያወጣል። ልዩ ስጦታ የሚከፈለው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በዕዳ የተያዘ ቤት «ለድሆች ይሁን» ቢባል ድሆቹ ምንም ላያገኙ ይችላሉ። ሕጉ የተዝካርን ወጪም ከቀብር ወጪ አይቆጥረውም፤ ተዝካር እንዲወጣለት የሚፈልግ ሰው ይህንኑ በኑዛዜው ላይ ማስፈር ይኖርበታል።

ልጆችን በዝምታ ማለፍ አይቻልም። ልጅን ከውርስ ለመንቀል ተናዛዡ በግልጽ መናገርና ምክንያቱንም መጻፍ አለበት። «ሀብቴን ሁሉ ለእገሌ ድርጅት ሰጥቻለሁ» ማለት ብቻውን ልጆቹን አይነቅልም። ሌሎች ዘመዶች ግን በዚህ መንገድ ሊነቀሉ ይችላሉ። በሕጉ መሠረት የሚወርስ ዘመድ የሌለው ሰው ሳይናዘዝ ከሞተ ሀብቱ ለመንግሥት ይሆናል። ለበጎ አድራጎት መናዘዝ ከማንም በላይ ትርጉም ያለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ሕጉ አስታማሚንም ይጠረጥራል። ከመሞቱ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ተናዛዡን በሙያው ላስታመመ፣ ላከመ ወይም መንፈሳዊ አገልግሎት ለሰጠ ሰው የተደረገን ስጦታ፣ ተቀባዩ ዘመድ ካልሆነ፣ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል። ስለዚህ ለደብሩ የታሰበው በደብሩ ስም መጻፍ ይኖርበታል እንጂ በቄሱ ስም አይደለም።

አዲስ ተቋም በኑዛዜ መመሥረትም ይቻላል። ሀብትን ለሕዝብ ጥቅም ለዘለቄታው መመደብን ሕጉ ይፈቅዳል፤ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንትንና ትረስትን ያውቃል። ነገሩ ግን ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ1895 ፓሪስ ላይ ያለ ጠበቃ ኑዛዜውን በእጁ የጻፈው አልፍሬድ ኖቤል ሽልማቱን የሚሰጡትን ተቋማት አስቀድሞ ሳያማክር ነበር የሰየማቸው። እርሱ በ1896 ሲሞት ከዘመዶቹ ተቃውሞ ተነሣ፤ ተቋማቱም ለመቀበል አመነቱ። ፋውንዴሽኑ የቆመው በ1900፣ የመጀመሪያው ሽልማት የተሰጠው በ1901 ነው። የኖቤል ኑዛዜ የዳነው በአስፈጻሚዎቹ ትጋት ነው፤ ሁሉም ተናዛዥ እንዲህ ያለ አስፈጻሚ አያገኝም። ነባር ድርጅት የመረጠ ሰው የተመዘገበበትን ሙሉ ስም ቢጽፍ፣ ድርጅቱ ቢፈርስ የሚተካውንም ቢሰይም ብዙ ክርክር ያስቀራል።

ሙስሊሞች ከፈቀዱ ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማስዳኘት ይችላሉ፤ አዋጅ ቁጥር 188/1992 ወቅፍን (ለበጎ ዓላማ ለዘለቄታው የሚመደብ ሀብትን)፣ ስጦታን፣ ውርስንና ኑዛዜን በነዚህ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሥር ያደርጋል። በእስልምና ሕግ ሰው ወራሾቹ ላልሆኑ ሊናዘዝ የሚችለው እስከ ሀብቱ ሲሶ ነው፤ ከዚያ ለሚበልጠው የወራሾች ፈቃድ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አንድ ተጨማሪ ነገር ይገጥማቸዋል። የጡረታ ቁጠባና የሕይወት ኢንሹራንስ የሚደርሱት በቅጹ ላይ በስም ለተመዘገበው ተቀባይ ነው፤ ኑዛዜ ይህን አይለውጠውም። ከዚያ ገንዘብ ለበጎ አድራጎት መተው የፈለገ ሰው ድርጅቱን በቅጹ ላይ ተቀባይ አድርጎ ማስመዝገብ አለበት።

በአገር ቤት ደግሞ የኑዛዜው አቀማመጥ መታሰብ አለበት፤ በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ በሰነድ አረጋጋጭ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ቀሪ ይሆናል።