ሚሌፊዮሪ፦ ሺ አበባ

«ሚሌፊዮሪ» የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ «ሚሌ» ሺ፣ «ፊዮሪ» አበቦች። በአማርኛ «ሺ አበባ» ብንለው ይበቃል። «አበቦች» ያላልኩት አማርኛ ቁጥር ከቀደመ ብዙ ጊዜ ስሙን እንዳለ ስለሚተወው ነው፤ ሺ ብር፣ ሺ ሰው እንላለን። «ሺ»ን ከተወደደ ነገር ጋር ማጣመርም የቆየ ልማዳችን ነው፤ የሺወርቅና የሺእመቤት በየሰፈሩ አሉ።

ቃሉ የብርጭቆ ሠሪዎች ነው። ከ2 ሺ ዓመት ገደማ በፊት የእስክንድርያና የሮም ባለሙያዎች የሚያውቁትን ጥበብ በቬኒስ አጠገብ ያለችው የሙራኖ ደሴት ብርጭቆ ሠሪዎች መልሰው አነሡት፤ ስሙም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ገነነ። ባለ ቀለም ብርጭቆዎችን አጣምረው፣ በእሳት አግለው፣ እንደ ዘንግ ስበው ያቀጥኑታል። ዘንጉ የትም ቦታ ቢቆረጥ ፊቱ ላይ ያው አበባ አለ።

ዛሬ በቤት ውስጥ ይህን ሥራ ያለ እሳት ማቅለጫ የሚያስችለው ፖሊመር ክሌይ ነው። «ክሌይ» ስለተባለ «ሸክላ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ዋናው ነገሩ አፈር አይደለም፤ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ከማለስለሻ ፈሳሽና ከቀለም ጋር ተዋህዶ የሚሠራ ነው። ሥራውን ደግሞ እንይ፦ ይታሻል፣ በመዳመጫ ይዳመጣል፣ ይድቦለቦላል፣ ይቆረጣል፣ ይጋገራል። ግሶቹ ሁሉ የሊጥ ናቸው። ስለዚህ «ፖሊመር ሊጥ» ብዬዋለሁ። አበባውን በሆዱ የያዘውን ድብልብል «ዘንግ» ማለት ይበቃል።

ቀላሉ አበባ እንዲህ ነው። አንድ ቢጫ ዘንግ ለእምብርት፣ ኋላ በነጭ ሲጠቀለሉ ውፍረታቸው ከእሱ እኩል የሚሆን ስድስት ቀይ ዘንጎች ለቅጠሎቹ ያዘጋጁ። እያንዳንዱን ቀይ ዘንግ በስሱ በተዳመጠ ነጭ ይጠቅልሉ፤ ነጩ ኋላ ቅጠሉን ከቅጠል የሚለይ መስመር ይሆናል። ስድስቱን በቢጫው ዙሪያ ይደርድሩ። እኩል ከሆኑ ልክክ ብለው ይገጥማሉ፤ አምስት ቢሆኑ ይሳሳሉ፣ ለሰባት ደግሞ ቦታው አይበቃም። በውጭ በኩል በቅጠሎቹ መካከል የሚቀረውን ስርጉድ በአረንጓዴ ይሙሉና ሁሉንም በአንድ ስስ ሽፋን ይጠቅልሉት።

ከባዱ ማቅጠኑ ነው። መጀመሪያ ስሞክር ዘንጉን ከሁለት ጫፍ ይዤ ሳብኩት። ቆዳው ተለጠጠ፣ እምብርቱ ግን ወደ ኋላ ቀረ፤ ስቆርጠው ቀዩና ነጩ ተደባልቀው አበባው ጠፍቶ ነበር። የሚሻለው ወገቡን በጣቶች ዙሪያውን ጫን ጫን ማድረግ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ጫፎቹ መሄድ ነው። ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱም 5 የሆነ ዘንግ ውፍረቱ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ ርዝመቱ 125 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢቆረጥ ከሺ በላይ አበባ ይወጣል፤ ስሙን ለዚህ ነው የምወደው። ሁለቱ ጫፎች ግን ስለሚበላሹ ተቆርጠው ይጣላሉ።

ለመቁረጥ አይቸኩሉ። በእጅ ሙቀት የለሰለሰ ዘንግ ከቢላው ስር ይጨፈለቃል፤ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት አሳርፈው፣ ስስ በሆነ ስለታም ምላጭ፣ በየቁርጡ ዘንጉን ሩብ ዙር እያዞሩ ይቁረጡ። ቁርጦቹን በዶቃ፣ በጆሮ ጌጥ ላይ ይለጥፏቸው።

መጋገሩ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ይሁን፤ ለምሳሌ ፊሞ የሚባለው 110 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ 30 ደቂቃ ነው። የምድጃ ቁጥር ስለሚዋሽ ትንሽ ቴርሞ ሜትር ውስጡ ያስቀምጡ። ከልክ በላይ ከጋለና ካረረ ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባል ጎጂ ጋዝ ያወጣል፤ መስኮት ይከፈት።

«ሊጥ» ብለን ስንጠራው ልጆች እንዳይሳሳቱ አስቀድመን እንንገራቸው፤ አይበላም። ለእሱ የዋለ መዳመጫና ቢላም ወደ ምግብ አይመለስ።